ያገለገለ አይሱዙ ከነጋዴ፣ ከባለቤት ወይስ ከሐራጅ? ባሕር ዳር ላይ ለሚገዛ ሰው

የአክስቴ ልጅ ከፎገራ ሩዝና ሽንኩርት እያነሳ ወደ ባሕር ዳር የሚያመላልስበት አይሱዙ ሊገዛ ተነሳ። ሦስት መኪና አገኘ። አንዱ ዓባይ ማዶ፣ ነጋዴ ግቢ ውስጥ የቆመ ነው። ሁለተኛውን ያመጣለት ደላላ ነው፤ ባለቤቱ ወረታ ይኖራል፣ ራሱ ነው የሚነዳው። ሦስተኛውን ባንክ በሐራጅ ሊሸጠው ማስታወቂያ አውጥቶበታል። ማታ ደወለና "የቱን ልያዝ? ስንትስ ላስቀንስ?" አለኝ።

ሁለት ጥያቄ ይመስላል እንጂ አንድ ነው። ከማን እንደምትገዙ ሳይታወቅ እንዴት እንደምትከራከሩ አይታወቅም። ባለቤት መኪናውን በዓመታት አንዴ ነው የሚሸጠው። ባንክ ጭራሽ አይከራከርም። ነጋዴ ግን በየቀኑ ዋጋ ሲከራከር ነው የሚውለው። ቁጥር ላይ ብቻ ከገጠማችሁት ያሸንፋችኋል። ስለዚህ እኔ የምከራከረው መኪናው ጭኖ መንገድ እስኪወጣ ድረስ በሚበላኝ ጠቅላላ ገንዘብ ላይ ነው።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። የመጀመሪያዋን ኤንፒአር (አነስ ያለውን የጭነት አይሱዙ) ስገዛ ከአንድ ነጋዴ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክሬ 80,000 ብር አስቀነስኩ። ደስ ብሎኝ ቀብድ ከፈልኩ። ስም ለማዛወር ስንሄድ ሊብሬው በነጋዴው ስም አይደለም። የበፊቱ ባለቤት ስም ላይ ነው ያለው፤ ነጋዴው በውክልና ይዞ ነው የሸጠልኝ። ቦሎው አልፎበታል። የሦስተኛ ወገን መድኑ ጊዜው አልቋል። ማን ይክፈል? ውሉ ላይ አልተጻፈም። እኔ ከፈልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹን አራቱንም ቀየርኩ። ያስቀነስኩት 80,000 ብር አልቆ ከኪሴ ሌላ ጨመርኩበት።

መጀመሪያ ሥራችሁን እወቁ

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት መኪናው የት እንደሚሠራ ወስኑ። ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም ሜዳ ነው። ለዚህ ሥራ ኤንፒአር ይበቃል። ነጋዴው "ትንሽ ጨምርና ኤፍኤስአር ውሰድ" ቢላችሁ (ከኤንፒአር ከፍ ያለው አይሱዙ ነው) ጎማው፣ መለዋወጫውና ነዳጁ አብሮ እንደሚጨምር አስቡ። ከመራዊ አጣና ጭናችሁ አዲስ አበባ የምትወርዱ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ፍሬንና ራዲያተር ይፈትናል። እዚያ የሚወርድ መኪና ላይ የፍሬን ጉዳይ ለድርድር አይቀርብም። ወይ ይሠራል፣ ወይ አይገዛም።

ሞዴሉንም በሊብሬው አረጋግጡ። "2010 ሞዴል" ሲባል በፈረንጅ ነው። በእኛ ሲቆጠር 2002 አካባቢ የተሠራ ማለት ነው። በስልክ ሲነገር ይህን አምታተው ስምንት ዓመት ያተረፉ የመሰላቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ነጋዴ ግቢ

ከነጋዴ መግዛት ጥቅም አለው። ሦስት አራት መኪና ጎን ለጎን ታያላችሁ። ነገ ችግር ቢፈጠር ሱቁ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ዋጋው ከባለቤት ከፍ ይላል፤ እሱም አትርፎ መኖር አለበትና ይህ ነውር አይደለም። ሊያበሳጨን የሚገባው ትርፉ ሳይሆን የተደበቀው ነገር ነው።

የነጋዴ የመጀመሪያ ዘዴ "ነገ ይጨምራል" ማለት ነው። በባዶ ሜዳ አይናገረውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በጣም አስወድዶታል። ሁለቱም አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ዋጋ ሰቅለውታል። ግን የቆመ መኪና ነጋዴውንም ይበላዋል። ገንዘቡ ታስሯል። ባትሪው ይሞታል። ጎማው በፀሐይ ይሰነጣጠቃል። ዓባይ ማዶ ያየነው አይሱዙ የኋላ ጎማው ሥር ሣር በቅሎ ነበር፤ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ወጥቶ አበባ ይዟል። የአክስቴን ልጅ ጎሸም አድርጌ አሳየሁት። "ነገ ይጨምራል" ያሉትን መኪና ለምን ያን ያህል ጊዜ አቆሙት?

ወቅትም አለ። ከኅዳር እስከ ጥር እህልና ሩዝ ስለሚነሳ የጭነት መኪና ሥራ አያጣም፤ ሻጭም አይለሳለስም። ሐምሌና ነሐሴ ግንባታው ይቀዘቅዛል፣ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ይሆናል። ለመከራከር ክረምት ይሻላል። ለማየት ግን ክረምቱ አስቸጋሪ ነው፤ ጭቃ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሻንሲውን፣ ማለትም መኪናው የተቀመጠበትን ዋና ብረት፣ በደንብ አሳጥባችሁ እዩ።

ቀጠሮ ስትይዙ የምነግራችሁን አድርጉ። ለነጋዴው በ3 ሰዓት እንመጣለን ብለን በ1 ሰዓት ተኩል ደረስን። መካኒካችን ብዙ ዓመት የማውቃቸው ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ እጃቸውን ራዲያተሩ ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነው። ጥሩ፤ ሞተሩን ቀድሞ ያሞቀው ሰው የለም። ነጋዴው "ወንድምዓለም ቀደማችሁ እኮ" አለ። ጋሼ "አስነሳው" አሉ። በሦስተኛው ተነሳ። ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ ቀጥሎ ሳሳ እንጂ አልጠፋም። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ከፈቱት። ከጀበና አፍ እንደሚወጣ እንፋሎት እየተግተለተለ ወጣ። ጋሼ ምንም አላሉም። ክዳኑን መለሱ፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ፋሻው ደክሟል" አሉኝ ቀስ ብለው።

ፋሻ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅ ነገር ነው፤ ኖዝል፣ ፖምፓ ወይም የታፈነ የአየር ማጣሪያ። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ከሆነ ራዲያተሩ ውኃ ይጎድል እንደሆነ እዩ፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ነጋዴው ፊት አትጩሁ። ጻፉት።

ከዚያ ዲፈረንሻሉ፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ጥርስ ያለበት ቤት። እኛ አካባቢ ይህን የሚያልፍ ሰው ያሳዝነኛል። የፎገራና የደምቢያ ሜዳ ክረምት ላይ በውኃ ይጥለቀለቃል፤ መኪኖችም ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ጋሼ ቡሎኑን ፈትተው ጣታቸውን አስገቡ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ቢወጣ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነበር። ጥቁር ሆኖ ወጣ። መቀመጫውን አንስተው ሥሩን አዩ። የጭቃ መሥመር የለም።

ባሕር ዳር ከተማው ሜዳ ስለሆነ ሰው ሜዳ ላይ ነድቶ "ይሄዳል" ብሎ ይገዛል። ወደ በዛዊት የሚወጣውን ዳገት ሞክሩት። ቢቻል ጭነት ይኑርበት። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ነዳጅ ስትለቁት ማርሽ ከዘለለ ካምቢዮው ነው። ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን ይስብ እንደሆነ እዩ። የሩጫ ቆጣሪውን ብዙም አትመኑት። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ ብረቱ እየታየ ቆጣሪው ትንሽ ኪሎ ሜትር ካሳየ እኔ የማምነው ላስቲኩን ነው።

አሁን ዋጋ

ብዙ ሰው ቁጭ እንዳለ "መጨረሻው ስንት ነው?" ይላል። ነጋዴው ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለው። ከፊታችሁ የነበረውም ሰው ይህንኑ ነው የጠየቀው። እኔ የማስቀድመው ዋጋው ውስጥ ምን እንዳለ ነው። ሊብሬው በማን ስም ነው? ዋጋው ከቫት ጋር ነው ወይስ ያለ ቫት? ስም ማዛወሪያውንና የቴምብር ቀረጡን ማን ይከፍላል? ቦሎው ታድሷል? ቫት 15 በመቶ ነው። 2,000,000 ብር ብለው ተስማምተው ደረሰኝ ሲጠይቁ 2,300,000 የተባሉ ሰዎች አሉ። ይህን በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ አያሳፍርም።

ጉድለቱን ስትናገሩ "አርጅቷል" አትበሉ። ይህን በየቀኑ ስለሚሰማው ጆሮ አይሰጠውም። የአክስቴ ልጅ ሁለት ጋራዥ ዞሮ የፋሻ ሥራ ከነመለዋወጫውና ከነእጅ ዋጋው ስንት እንደሆነ አስጻፈ። በማግስቱ ወረቀቱን ነጋዴው ፊት አስቀመጠ። ነጋዴው ወረቀቱን አንስቶ ሁለት ጊዜ አነበበው። ያን ጊዜ ነው ክርክሩ የተጀመረው።

ነጋዴው ሁለት ነገር አቀረበ። "ወይ እኔ አሠርቼ እሰጥሃለሁ፣ ወይ ትንሽ እቀንሳለሁ፣ ጎማም እጨምርልሃለሁ።" እዚህ ላይ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። የሞተር ጉድለትን በገንዘብ ተቀበሉ፣ ጎማን በዕቃ ተቀበሉ። ሻጭ የሚያሠራው ሞተር እስኪሸጥ ድረስ እንዲቆይ ነው የሚሠራው። ወፍራም ዘይት ቢጨመርበት ጭሱ ለሳምንት ይጠፋል፤ እናንተ ምን እንደተቀየረ አታዩም። ገንዘቡን ተቀንሶላችሁ በራሳችሁ መካኒክ፣ ቆማችሁ አሠሩት። ጎማ ግን በዓይን ይታያል። ነጋዴውም ከሚያውቀው ሱቅ ከእናንተ በረከሰ ያወጣዋል። አይሱዙ ስድስት ጎማ ነው። ለምሳሌ አንዱ 20,000 ብር ቢሆን ስድስቱ 120,000 ይሆናል። "50,000 ልቀንስልህ ወይስ ስድስት ጎማ ልግጠምልህ?" ቢላችሁ ጎማውን ውሰዱ። ብቻ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አራት አኃዝ አንብቡ። 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ ጎማ ተብሎ መጋዘን ያረጀ ጎማ ይገጠማል።

ስቱኮና ቀለም ላይ ጊዜ አታጥፉ። የጭነት መኪና ነው። ሻንሲው ላይ ብየዳ ካለ ግን ተነሥታችሁ ሂዱ። ባሌስትራ (ከሥር ያለው የብረት ሞላ) ይቀየራል። የተበየደ ሻንሲ በምንም ቅናሽ አይካካስም።

ስለ ክፍያ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ በባንኮች የብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ ስላበጀ (መጀመሪያ 14 በመቶ ነበር፣ በኋላ ከፍ ተደርጓል) የመኪና ብድር መጠበቅ ረጅም ሆኗል። ነጋዴው ይህን ያውቃል። ዕቁብ የደረሰው ወይም ገንዘቡ ባንክ ያለ ሰው ዛሬ መክፈል ይችላል፤ ይህ ትልቅ ጉልበት ነው። መጀመሪያ ላይ ግን አታውጡት። መጨረሻ ላይ፣ ልዩነቱ ሲጠብ፣ "ይህን ካደረግህ ዛሬ ከሰዓት አስተላልፋለሁ" በሉ። ክፍያው በባንክ ይሁን። "ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ ግብር ይቀንሳል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ። ሕገወጥ ነው። ነገር ቢበላሽም የምትጠይቁት የተጻፈውን ብቻ ነው።

ቀብድ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ትንሽ ስጡ፣ በጽሑፍ ስጡ፣ የመኪናውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ አንብባችሁ አስገቡበት። ከመስጠታችሁ በፊት ፋይሉ ያለበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። ለኢንቨስትመንት ተብሎ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪናም አለ። ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ወረቀቱን) እዩ፤ ቀረጡ ካልተከፈለ ዕዳው መኪናውን ተከትሎ ይመጣል። ነጋዴው በውክልና የያዘው ከሆነ ውክልናው "መሸጥና ስም ማዛወር" የሚል ይኑርበት። ሰጪው በሕይወት መኖሩንና አለመሻሩንም ጠይቁ፤ ሰጪው ከሞተ ወይም ከሻረው ውክልናው ይወድቃል። እኔ ቢሆን ባለቤቱ ራሱ ካልቀረበ አልፈርምም።

ከባለቤት

ወረታ ያለውን መኪና ቅዳሜ ሄደን አየን። ባለቤቱ ቡና አስፈሉልን። መኪናው መቼ ምን እንደተቀየረለት በቃላቸው ነገሩን። ረዳቱን ለብቻው ብትጠይቁት ደግሞ የቀረውን ይነግራችኋል፤ ረዳት ብዙ አይደብቅም። ከባለቤት ስትገዙ ትልቁ ትርፍ ይህ ታሪክ ነው።

ክርክሩ ግን ሌላ ጠባይ አለው። መኪናው ልጆች ያስተማረ፣ ቤት የሠራ ነው። ወረቀት አውጥታችሁ ጉድለት ብትቆጥሩባቸው ይቀየማሉ። የሚቀንሱት ለሰው ነው። ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ትንሽ ተጫወቱ፣ አንድ ጊዜ በአክብሮት ጠይቁ። ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛቸውም ለሽያጩ መፈረም አለባቸው። ቤት ውስጥ ስምምነት መኖሩን ቡናው ላይ ሳላችሁ ታውቃላችሁ።

ደላላው ሥራው ሲያልቅ ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ለመቀራረብ ይጠቅማል፣ ስለ ሞተር ግን አትጠይቁት። ኮሚሽኑን በመቶኛ ሳይሆን በቁርጥ ገንዘብ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዋጋ ሲያስቀንስላችሁ የራሱ ድርሻ እንዳይቀንስበት።

ሐራጅ

አጭር ነው። ብዙ ጊዜ የመነሻውን ዋጋ ሩብ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ታስይዛላችሁ። ካሸነፋችሁ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ መክፈል አለባችሁ፤ ካልከፈላችሁ ያስያዛችሁት ይቀራል። መኪናው ባለበት ሁኔታ ነው የሚሸጠው። ብዙ ጊዜ ሞተሩን አስነስታችሁ መንዳት አትችሉም። ስሙ በሥርዓት ይዛወራል፣ ዋጋውም ሊረክስ ይችላል። መካኒክ የሆነ፣ ወይም ከግዢው በላይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ያለው ሰው ይሞክረው። የአክስቴ ልጅ ያለው ገንዘብ መኪናውን ገዝቶ የሚያልቅ ነው። ስለዚህ ተውነው።

ወደ ዓባይ ማዶ

የወረታው መኪና ደህና ነበር። ጋሼም ወደዱት። ግን ባለቤቱ ከታላቅ ልጃቸው ጋር አልተስማሙም፤ አንድ ሳምንት ጠብቀን ተውነው። ማክሰኞ ወደ ነጋዴው ተመለስን። የሄድነው ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ሣሩ አሁንም እዚያው አለ።

የአክስቴ ልጅ ስለ መኪናው ዋጋ አንድ ቃል አልተናገረም። ወረቀቱን አውጥቶ ሦስት ነገር ጠየቀ። የፋሻው ሥራ ሙሉ ዋጋ ይቀነስ። ስድስት ጎማ ይገጠም። ስም ማዛወሪያው፣ ቦሎውና የመጀመሪያው ዓመት መድን በሻጭ ይሁን። ነጋዴው ሳቀ፣ ተነሣ፣ ስልክ ደወለ፣ ተመለሰ። ጎማውን ተስማማ። ስም ማዛወሪያውን ተስማማ። የፋሻውን ግማሽ እቀንሳለሁ አለ። እኔ የአክስቴን ልጅ ሸሚዝ ጎተትኩ፤ ተነሣን። በሩ ላይ ስንደርስ "ወንድምዓለም፣ ና ተቀመጥ" ብሎ ጠራው። በመጨረሻ የፋሻውን ሙሉ ዋጋ ቀነሰ፣ መድኑን ግን ለእኛ ተወ። የአክስቴ ልጅ ያን ጊዜ ነው "ዛሬ ከሰዓት አስተላልፋለሁ" ያለው።

ውሉ ላይ እያንዳንዱን አስጻፍን። ጎማ ስድስት፣ ከነተሠሩበት ዓመት። ሊብሬው ላይ ስማቸው ያለው ሰውዬ ራሳቸው ከደብረ ታቦር መጥተው ፈረሙ። ሞተሩን ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ አውርደው አራት ቀን ሠሩት፤ የአክስቴ ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ዕቃ እያቀበለ። አሁን ጠዋት ክዳኑን ሲከፍቱት እንፋሎት የለም። ትናንት ከወረታ 40 ኩንታል ሽንኩርት ጭኖ ገባ።